ከፍዬ ተገላገልኩ ያሉት ቲኬት

የምሠራው ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ሐበሾች ናቸው። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ አለ። ኡበር የሚሠራ አለ፣ ትራክ የሚነዳ አለ። ሌሊት ሆስፒታል አድራ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት አለች። ስልክ ሲደወል አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው። «ኢንሹራንሴ ለምን ጨመረ?»

ሪከርዱን እከፍታለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የስፒዲንግ ቲኬት፣ ከፍጥነት ገደብ በላይ የመንዳት ቅጣት፣ ተመዝግቧል። እነግራቸዋለሁ።

«እንዴ፣ እሱንማ ከፍዬዋለሁ እኮ! ያውም በማግስቱ!»

ችግሩ እሱ ላይ ነው። መከፈሉ ላይ።

ቨርጂኒያ ውስጥ የተራ ስፒዲንግ ቅጣት ያን ያህል ኪስ አይጎዳም። በአብዛኛው ከገደቡ ላለፈው ለእያንዳንዱ ማይል 6 ዶላር ነው፤ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመርበታል። 14 ማይል ያለፈ ሰው 84 ዶላርና ወጪውን ይከፍላል። ሰው ታዲያ ኦንላይን ገብቶ፣ ካርዱን አስገብቶ ይገላገላል። ፍርድ ቤት ሄዶ ማን ይሰለፋል? ሥራስ ለምን ይቀራል? ግን ከቀጠሮው በፊት መክፈል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረም አይለይም። ፍርድ ቤቱ መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ለዲኤምቪ ይልካል፣ ዲኤምቪ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ኢንሹራንሱ ፖሊሲው ሊታደስ ሲል መዝገቡን ያያል። ዱብ ዕዳው የሚመጣው ከወራት በኋላ ስለሆነ ሰውዬው ቲኬቱን ረስቶታል። ወቀሳው እኛ ላይ ያርፋል።

ፖሊሱ መስኮት ላይ ቆሞ «ፈርም» ሲል መፈረም ሌላ ነገር ነው። እሱ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ በቀጠሮዬ እቀርባለሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሽንጡን ገትሮ ይከራከርና ቤቱ ገብቶ ዝም ብሎ ይከፍላል። የተገላቢጦሽ!

እያንዳንዱ ጥፋት መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ነጥብ ያስቆጥራል። ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር ልንገራችሁ፤ ቢሮ ውስጥ ስደጋግመው የምውለው ነው። ቨርጂኒያ ጥፋቶችን በ3፣ በ4 እና በ6 ነጥብ ትመዝናቸዋለች። ከገደቡ እስከ 9 ማይል ማለፍ 3 ነው። ከ10 እስከ 19 ማይል 4፣ 20 እና ከዚያ በላይ 6። ቀይ መብራት መጣስ 4 ነው። ነጥቡ ራሱ የሚቆጠርባችሁ ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ለ2 ዓመት ነው። ጥፋተኛ የተባላችሁበት ጽሑፍ ግን አብሮ አይጠፋም። ስፒዲንጉ 5 ዓመት መዝገብ ላይ ይቀመጣል፣ ቀይ መብራቱ 3 ዓመት። «ፖይንቴ ወርዷል፣ ኢንሹራንሱ ለምን አልወረደም?» የሚለኝ ሰው ሁለቱን አደባልቆ ነው። ኢንሹራንሶች የዲኤምቪን ነጥብ ወስደው አይደምሩም። የራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ የሚያዩት ጥፋቱንና ቀኑን ነው።

ጥሩም ነጥብ አለ። ሙሉውን የካሌንደር ዓመት ያለ ጥፋትና ያለ እገዳ የነዳ ሰው አንድ ነጥብ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 5 ነው። 5 ያለው ሰው ከገደቡ 14 ማይል አልፎ ቢያዝ 4 ተቀንሶበት 1 ይቀረዋል። ይህን አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ለዓመታት በሰላም የነዳ ሰው አንድ ቲኬት ሲቀበል መንጃ ፈቃዱ የሚነጠቅ ይመስለውና እንቅልፍ ያጣል። ተራ ቲኬት ከሆነ ይተኛ። በ12 ወር 12 ነጥብ፣ ወይም በ24 ወር 18 ነጥብ የሰበሰበ ነው ዲኤምቪ በ90 ቀን ውስጥ የአነዳድ ክላስ ግባ ብሎ የሚያስገድደው። በ12 ወር 18፣ ወይም በ24 ወር 24 ከደረሰ መንጃ ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል፤ ክላሱም አይቀርለትም።

እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ነው። ሬክለስ ድራይቪንግ፤ በግዴለሽነት መንዳት።

ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከገደቡ 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፋችሁ ሬክለስ ነው። ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ ከነዳችሁም ሬክለስ ነው። እስከ 2020 ድረስ ቁጥሩ 80 ነበር። ሬክለስ ደግሞ የትራፊክ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው። በሕጉ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። 6 ነጥብ ይይዛል፣ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ሀይዌይ 395 ላይ ገደቡ 55 በሆነበት ቦታ 75 መንዳት በቂ ነው። ጠዋት ላይ እዚያ መንገድ በ75 ስንቱ እንደሚያልፍ የሚመላለስበት ያውቀዋል።

የሚያሳስተው ወረቀቱ ነው። የሬክለሱም የተራውም ቲኬት አንድ ዓይነት ፎርም ላይ ነው የሚጻፈው። ካቴና የለ፣ ጩኸት የለ። ስለዚህ ሰው ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የሕጉን ቁጥር ነው። 46.2-862 ካለ በፍጥነት የመጣ ሬክለስ ነው። 46.2-870 ካለ ተራ ስፒዲንግ ነው፤ ትንፋሼ ይመለሳል። ሬክለስ ኦንላይን አይከፈልም፤ ፍርድ ቤት መቅረብ ግድ ነው። ለተራ ቲኬት ጠበቃ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ለሬክለስ ግን ከተቻለ ይያዝ እላለሁ። ስሙ እንደ ቀላል ነገር ቢጠራም ሥራ ሲያመለክቱ ይወጣል። ኡበርና ሊፍትም ሪከርድ ያያሉ።

አጎቴ የመጡት በዚህኛው ነው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የነዱ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባም፣ እዚህም። አንድ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሊደርሱ በ395 ሲሄዱ ስቴት ፖሊስ ያዛቸው። 55 በሆነው 76። ከኋላ መብራት ሲበራ ዳር ያዙና በሩን ከፍተው ሊወርዱ ሲሉ ፖሊሱ በድምፅ ማጉያ ጮኸባቸው። «ሰላም ልለው ነበር እኮ» አሉኝ በኋላ። የአዲስ አበባ ልማድ ነው። እዚያ ትራፊክ ሲያስቆምህ ወርደህ ትቀርባለህ፣ ትለማመጣለህ። እዚህ እጅህን መሪው ላይ አድርገህ ትቀመጣለህ።

ወረቀቱን ሳየው 862 ይላል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከበድ ያለ ነው» አልኳቸው።

«ምኑ ነው የሚከብደው? ልጁ ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ ብሎኝ ነው የሄደው!»

አንድ ነገር ስላስገረማቸው ወደዚያ ልሂድ። መኪናቸው የሚያሳየው ፍጥነት ልክ ነው ብለው ምለው ተገዘቱ፤ «እኔ ያየሁት 72 ነው» አሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሚሄድበት ቦታ አለ። አንዳንድ ጋራዦች የፍጥነት መለኪያውን ፈትሸው ወረቀት ይሰጣሉ፤ ዳኛው ማስረጃውን እንዲያይ ሕጉ ይፈቅዳል። ወሰድኳቸው። መካኒኩ የካምሪዋን ጎማዎች ወለል ላይ በተገጠሙ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ አቆመና ነዳጅ ረገጠ። መኪናዋ ታገሣለች፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ከቦታዋ ግን ንቅንቅ የለም። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው «ኧረ ቆሞ ይነዳል!» እያሉ ይስቃሉ። መካኒኩ በ25፣ በ35፣ በ45 እያለ ወጣ። መጨረሻ ላይ ወረቀት አተመ፤ በአንዱ ረድፍ መኪናዋ የምታሳየው፣ በሌላው እውነተኛው ፍጥነት። 70 ስታሳይ እውነተኛው 74 ነበር። አራት ማይል ትደብቃለች። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «አልዋሸሁም፣ አየሽ?» አሉኝ።

ሁለተኛው ነገር ክላሱ ነው። ትራፊክ ስኩል የሚሉት። እዚህ ስሙ ድራይቨር ኢምፕሩቭመንት ክሊኒክ ነው፤ 8 ሰዓት ይፈጃል። ጠበቃው ከቀጠሮው በፊት ውሰዱ አላቸው፤ ዳኛ ፊት ባዶ እጅ ከመቆም ይሻላል በሚል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተቀመጡ።

ማታ ሲመለሱ ስለ ክላሱ ለመስማት ሄድኩ። አስተማሪው መጀመሪያ ሁሉንም «ለምን መጣችሁ?» ብሎ ጠየቀ አሉ። አንዱ ፖሊሱ ተደብቆ ነበር አለ። ሌላው ቁልቁለት ነበር አለ። አንዷ ልጅ ሌላ ሰው እየበረረ ሳለ እኔን ያዘኝ አለች። «አንድም አጥፍቼ ነው ያለ የለም» አሉ ጋሼ፤ እሳቸው ምን እንዳሉ ግን አልነገሩኝም። ከፊት ካለው መኪና ስለሚጠበቀው ርቀት፣ ስለ ድካም፣ ስለ ስልክ ተማሩ። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ብቻውን ያስቀጣል፤ መጀመሪያ 125 ዶላር፣ ሲደገም 250። ይህን ያውቁ ነበር። ያላወቁት መስመር ስለመልቀቅ ነው። ዳር ላይ ፖሊስ ወይም አምቡላንስ መብራቱን አብርቶ ከቆመ፣ መስመር መቀየር ከተቻለ መቀየር አለባችሁ፣ ካልተቻለ ማቀዝቀዝ። ይህን መተላለፍም ሬክለስ ነው። ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ደግሞ ግዴታው የአደጋ መብራቱን (ሃዛርድ) አብርቶ ለቆመ ለማንኛውም መኪና ተዘርግቷል። ታክሲ ሹፌር ጎማ ሲቀይር ማለት ነው። ጋሼ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሕግ ለማያውቅ ሰው ሁሉ ይሰብካሉ።

የፍርድ ቤቱ ቀን እንደማንኛውም የትራፊክ ችሎት ነበር። ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ ቀበቶ መፍታት። ጋሼ ለሠርግ የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። አስተርጓሚ ቀድመን ስለጠየቅን የአማርኛ አስተርጓሚ ተመድቦላቸዋል፤ ለዚህ ሰው አይከፍልም። የኛ ሰዎች ይህን መጠየቅ ያፍራሉ። «እንግሊዝኛ እኮ አውቃለሁ» ይላሉ። ፒዛ ለማዘዝ የሚበቃ እንግሊዝኛ ዳኛ ፊት አይበቃም። ጋሼም ስማቸው ሲጠራ በእንግሊዝኛ ጀመሩት። ከኋላ ሆኜ «ጋሼ፣ በአማርኛ ይናገሩ» አልኩ በሹክሹክታ።

ዳኛዋ የመለኪያውን ወረቀት አየች። የክላሱን ሰርተፍኬት አየች። ሪከርዳቸውን አየች፤ ነጥባቸው ሙሉ 5 ነው። ፖሊሱን ጠየቀችው፤ ሰውየው ጨዋ ነበሩ፣ አልተከራከሩም አለ። ሬክለሱን ወደ ተራ ስፒዲንግ አወረደችው። ቅጣቱን ከፍለው፣ 4 ነጥብ ተቀንሶባቸው ወጡ። ነጥባቸው 1 ቀረ። ጥፋቷ ለ5 ዓመት መዝገብ ላይ ትቀመጣለች፤ ወንጀል ግን የለም። ሁሉም ዳኛ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም። ክላስ የወሰደ ሰው ክሱ ይሰረዝለታል የሚል መብት ቨርጂኒያ ውስጥ የለም፤ የዳኛው ፈቃድ ነው። አንዳንዱ ያወርዳል፣ አንዳንዱ ቀጠሮ ሰጥቶ «ክላሱን ጨርሰህ ና» ይልና ይሰርዛል፣ አንዳንዱ ሰርተፍኬቱን ቀና ብሎም አያየው። ያልተስማማ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ከፍ ወዳለው ፍርድ ቤት፣ ወደ ሰርኪት ኮርት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ እዚያ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል።

ዋናው የምጣላበት ወሬ ይኸውና። «ክላስ ወስጄ አስጠፋሁት» የሚለው። እንዲህ የሚለውን ሰው ካሊፎርኒያ ያለ ዘመዱ ነግሮት ነው። እዚያ ባለ አንድ ነጥብ ጥፋት ያጠፋና ፍርድ ቤቱ የፈቀደለት ሰው፣ በ18 ወር አንዴ ትራፊክ ስኩል ገብቶ ጥፋቱ ከኢንሹራንስ ዓይን ይሸሸግለታል። ቅጣቱን ግን ሙሉውን ይከፍላል፤ የፍርድ ቤቱና የትምህርቱ ክፍያ ተጨምሮ። ቨርጂኒያ ሌላ ነው። እዚህ በፈቃዳችሁ ክላስ ከገባችሁ የምታገኙት 5 ጥሩ ነጥብ ነው፤ እሱም በ24 ወር አንዴ። የተጻፈውን ጥፋት አያጠፋውም። ኢንሹራንሱ ያየዋል። ነጥባችሁ ሙሉ 5 ከሆነ ደግሞ በፈቃድ ሄዳችሁ የሚጨመርላችሁ የለም፤ ጣሪያው ላይ ናችሁ። ጥፋቱ ራሱ እንዲወርድ ወይም እንዲሰረዝ የሚቻለው ፍርዱ ሳይጻፍ በፊት፣ ችሎት ላይ ነው። ከፍሎ የጨረሰ ሰው ይህን በር በራሱ እጅ ዘግቶታል። ክላሱን መሸጥ የሚፈልጉ ድረ ገጾች ይህን በትንሽ ፊደል ነው የሚጽፉት።

ትራክ ለሚነዱ ወንድሞች ነገሩ ይብሳል። ሲዲኤል (የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ) ላለው ሰው ዳኛው ቢያዝንለትም እጁ የታሰረ ነው። የፌዴራል ሕጉ ስቴቶች የባለ ሲዲኤልን ጥፋት በክላስም ሆነ በሌላ መንገድ እንዳይሸሽጉ ይከለክላል። የገዛ ቤት መኪናውን እየነዳ ቢያዝ እንኳ። ከገደቡ 15 ማይል ማለፍ ለትራክ ሹፌር «ከባድ» ከሚባሉት ጥፋቶች አንዱ ነው፤ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከባድ ጥፋት 60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ 120 ቀን ትራክ ከመንዳት ያሳግዳል። የወር ክፍያ ላለበት ሰው 60 ቀን ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እነዚህን ሰዎች «ዝም ብለህ ክፈል» የሚላቸው ጓደኛ ጠላታቸው ነው።

ወደ ዲሲና ሜሪላንድ ድልድዩን ስትሻገሩ ሕጉ ይቀየራል። ሜሪላንድ 5 ነጥብ ሲሞላ ክላስ ታስገባለች፣ 8 ሲሞላ ታግዳለች፣ 12 ሲሞላ ፈቃዱን ትሰርዛለች። ዲሲ የካሜራ ከተማ ናት። የካሜራ ቲኬት መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስቆጥርም፤ መኪናዋን እንጂ ሹፌሩን አይከስም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከ60 ቀን በላይ ያልተከፈለ ሁለት ቲኬት ካለ ግን ዲሲ ውስጥ ቆማ የተገኘች መኪና ጎማዋ ይታሰራል። ዩ ስትሪት እራት በልቶ ሲወጣ ቢጫ ብረት ጎማው ላይ የጠበቀው ደንበኛ አለን። ፖሊስ በእጁ የጻፈው ቲኬት ግን በዲሲም በሜሪላንድም ቢሆን ወደ ቨርጂኒያ መዝገብ ይመጣል፤ ስቴቶቹ ይነጋገራሉ።

አንዳንዴ ደንበኞች እንዲህ የሚዘናጉት ለምንድን ነው ብዬ አስባለሁ። ሀገር ቤት ቅጣት የሚታይ ነገር ነበር። ትራፊኩ መንጃ ፈቃድህን ይወስዳል፤ ወይ ካቻቢቴ አውጥቶ ታርጋህን ይፈታል። ታርጋ የሌላት መኪና ይዘህ የትም አትሄድም፤ እስክታስመልስ ትሯሯጣለህ፣ ስታስመልስ አለቀ። ሪከርድ የሚያስይዝ ደንብ እዚያም አለ። ሰው የሚፈራው ግን ካቻቢቴውን ነው። እዚህ ካቻቢቴ የለም። ፈገግታ፣ ቢጫ ወረቀት፣ መልካም ቀን። ጉዳቱ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚቀመጥ አይታይም። በነገራችን ላይ ራዳር የሚያስጠነቅቀውን ዕቃ ከኦንላይን ገዝታችሁ መስታወት ላይ የሰቀላችሁ ሰዎች፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እሱ ራሱ ሕገ ወጥ ነው። አውርዱት።

የጋሼ ኢንሹራንስ ሲታደስ ጨመረ፤ ያው ስፒዲንግ ነውና። የፈራነውን ያህል ግን አልነበረም። 58 ዓመታቸው ስለሆነ ሌላ ነገር አሳየኋቸው። 55 ዓመት የሞላው ሰው ዲኤምቪ ያጸደቀውን ለትልልቅ ሰዎች የተዘጋጀ የአደጋ መከላከያ ክላስ ከወሰደ ኢንሹራንሱ ቅናሽ ያደርግለታል። ከቅጣት ጋር ምንም አይገናኝም። ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ከኛም ሳይጠየቅ የሚናገር ኤጀንት ብዙ አይደለም። ጋሼ ተመዘገቡ። አሁን የዕድር ጓደኞቻቸውን ስም ዝርዝር ይዘውልኝ መጥተዋል፤ ማን 55 እንደሞላው ይከራከራሉ። አንዱ ፓስፖርቴ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ውሸት ነው እያሉ ነው። ኢንሹራንሱ የሚያየው የተጻፈውን ነው ብያቸዋለሁ።